ሰባት ጣት ናይትሮጅን

የፀደይ ውጤት ተሰረዘ፤ ያሰረዘችውም ራሷ ናት። የኮምፒውተሯን ቀን ስትሞላ ዓመቱን 2017 ብላ ጻፈች።

ሰቆጣ ውስጥ ማንም ቢሆን ሌላ አይጽፍም ነበር። ያን ቀን የወጣ ደብዳቤ ሁሉ፣ የተቆረጠ ደረሰኝ ሁሉ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጨረታ ማስታወቂያ ሁሉ 2017 ነው የሚለው። ውጤቱን የላከችላቸው ሰዎች ዘንድ ግን ዓመቱ 2025 ነበር።

ጨዋታው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ፋብሪካ አንድ ፕሮሰሰር ሲሠራ «ከዚህ በላይ አትሮጥም» ብሎ ልክ ያበጅለታል። በዓለም ላይ ይህን ልክ የማይቀበሉ ሰዎች አሉ። ኤሌክትሪክ ይጨምሩበታል፣ ፍጥነቱን ይገፉታል፣ እንዳይነድ ደግሞ ያቀዘቅዙታል። ፕሮሰሰሩ ሳይወድቅ አንድ የስሌት ፈተና ከጨረሰ፣ ማሳያው ላይ የወጣውን ቁጥር ፎቶ አንስተው ወደ አንድ ድረ ገጽ ይልካሉ። ድረ ገጹ ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት የደረጃ ሰንጠረዥ አለው። አንደኛ የወጣ ሰው ስሙ ከላይ ይቀመጣል። ሌላ የሚያገኘው ነገር የለም።

የፀደይ ፕሮሰሰር የአይሲቲ ባለሙያ ሆና ከተቀጠረችበት መሥሪያ ቤት፣ ከተወገዱት ኮምፒውተሮች መካከል ከአንዱ የነቀለችው ነበር። አሮጌ መሆኑ አይጎዳትም፤ ሰንጠረዡ አሮጌን ከአሮጌ ነው የሚያወዳድረው። ማቀዝቀዣ ጽዋውን ከመዳብ ዘንግ ያወጣላት ባለጋራዡ ወልደ ኢየሱስ ነው፣ በቶርኖው። ሲጨርስ አገላብጦ አየውና «ለየትኛው ደብር ነው?» አላት።

«ለቤቴ ነው።»

«ቤት ውስጥማ በጽዋ አይጠጣም» ብሎ ገሠጻት።

ጽዋው ፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ ይቀመጣል፤ ከበረዶ እጅግ የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይጨመርበታል፤ ናይትሮጅኑ እየፈላ ይተናል፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ውርጭ ይለብሳል። ውርጩ ቀልጦ ሽቦውን እንዳያበላሸው ማዘርቦርዱን አስቀድማ ቫዝሊን ትቀባዋለች፤ እንደታጠበ ሕፃን።

ቁጥሩ የወጣው በጥምቀት ማግስት፣ ረፋድ ላይ ነው። መብራት አልጠፋም፤ ፕሮሰሰሩም አልወደቀም። ፀደይ ቁጥሩን ልካ ሰንጠረዡ እስኪታደስ ቆማ ጠበቀችና ስሟን ከላይ አየችው። ለአንድ ሰው መናገር ነበረባት። ወደ ግቢው ወጣች። አከራይዋ ልብስ እያሰጡ ነበር።

«አንደኛ ወጣሁ» አለቻቸው።

«እሰይ» አሉ አከራይዋ፣ የአንሶላውን አንድ ጫፍ እያቀበሏት። «ፈተና ነበረብሽ እንዴ?»

አንሶላውን አብራቸው ጨምቃ ተመለሰች።

የድረ ገጹ ዳኛ መልእክት የመጣው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ዳኛው የት ሀገር እንደሚኖር አታውቅም፤ በቅጽል ስሙ ብቻ ነው የምታውቀው። አጭር ነበር የጻፈው። ማሳያሽ ላይ ያለው የፈተና ፕሮግራም የወጣው በ2021 ነው፤ የኮምፒውተርሽ ቀን 2017 ይላል፤ ገና ያልተሠራ ፕሮግራም እንዴት አሠራሽ?

ፀደይ ፎቶውን ከፍታ አየችው። ከማሳያው ጥግ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ አለ። ማዘርቦርዱ የሰዓት ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ በተነሣ ቁጥር ቀን ሙዪ ይላል፤ እሷም እጇ እንደለመደው ትሞላለታለች። እጇ የለመደው ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ነው። ጸሐፊዎቹ ደብዳቤ ላይ የሚወጣው ቀን የኛው እንዲሆንላቸው ስለሚፈልጉ፣ የግቢውን ኮምፒውተሮች ሁሉ በየጊዜው ወደ ኢትዮጵያ ቀን የምትመልሰው እሷ ነበረች።

ነገሩ ቀን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ ሰዓት መንካት አሮጌ የሌብነት መንገድ ነው። ኮምፒውተር የራሱን ፍጥነት የሚለካው በራሱ ሰዓት ስለሆነ፣ ሰዓቱን ያዘገየ ሰው ኤሊውን ጥንቸል ያስመስለዋል። ስለዚህ ሰዓቱ የተዛባ ውጤት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሌብነት ነው። ፀደይም ብትሆን ውጤቱ የሌላ ሰው ቢሆን ይህንኑ ታስብ ነበር፤ ይህን ማወቋ ይበልጥ አናደዳት።

መልስ ጻፈች። ሀገሬ ዓመቱ 2017 ነው፣ አቆጣጠራችን ከእናንተ ይዘገያል፣ ቀኑን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ሰዓቱን ግን አላዘገየሁም አለች። ከሥሩ ሰዎች መጻፍ ጀመሩ። አንዱ «ከዛሬ ጀምሮ እኔም እዚያ ሀገር ነኝ፤ ፀጉሬ ይመለስልኝ ይሆናል» አለ። ሌላው «ከሰማኋቸው ሰበቦች ሁሉ ይህ የተሻለው ነው» አለ። አንድ ሰው ብቻ ፈልጎ አንብቦ አቆጣጠሩ እውነት መሆኑን ጻፈ፤ ግን እሱም «ይህ ሰዓቱ እንዳልተነካ አያረጋግጥም» ብሎ ጨረሰው። ልክ ነበር።

ዳኛው በመጨረሻ ፈረደ። ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ ሳይቋረጥ ተቀርጾ፣ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ሰዓት እየታየ፣ ድገሚው። እስከ እሑድ ካልደረሰን ስምሽ አጠገብ የአጭበርባሪ ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ አይነሣም።

አንደኛነቱ ቢቀር ትችለው ነበር። ምልክቱን ግን አልቻለችውም። ፕሮሰሰርን ከልኩ በላይ ማስሮጥ ምን እንደሆነ የሚገባቸው፣ የእሷን ቁጥር አይተው «ይህ ከባድ ነው» ማለት የሚችሉ ሰዎች በዓለም ላይ እነዚያ ብቻ ናቸው። እነሱ ዘንድ ሌባ ከተባለች ማን ዘንድ ሌላ ነገር ትባላለች?

በማግስቱ መሥሪያ ቤት ስትገባ ዋናዋ ጸሐፊ እትዬ አምሳለ ጠሯት።

«ነይ እስቲ አንቺ፣ ኮምፒውተሬ ደግሞ ፈረንጅ ሆኗል። 2025 ብሎ አወጣልኝ፤ ኃላፊው ሳያይ ቀደድኩት።»

ፀደይ ጎንበስ ብላ ቀኑን ልታስተካክል ጀመረች፤ ከዚያ እጇ ቁልፎቹ ላይ ቆመ።

«ምነው?» አሉ እትዬ አምሳለ። «ፊትሽ ጠቁሯል። ማን ነክቶሽ ነው?»

ነገረቻቸው። ረጅሙን አሳጥራ፣ ፕሮሰሰሩንና ናይትሮጅኑን ዘላ፣ በቀን ምክንያት ሌባ መባሏን ብቻ ነገረቻቸው። እትዬ አምሳለ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ እነሱ ናቸዋ የቸኮሉት። የኛ ቀን የት ሄደ?»

«እሱን አስረዷቸው።»

«አስረዳለሁ እንጂ። ደብዳቤ ልጻፍልሽ? ለሚመለከተው ሁሉ፣ ጉዳዩ የቀን ማረጋገጫ ስለመስጠት። በኃላፊው አስፈርሜ አመጣዋለሁ።»

«ደብዳቤ አያምኑም፣ እትዬ።»

«ማኅተም እያለው?»

«ማኅተም እያለው።»

እትዬ አምሳለ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዲያስ ሰዎቹ ጤና የላቸውም» አሉ። «በይ ቀኔን መልሺልኝ።»

ፀደይ መለሰችላቸው። 2017።

በምሳ ሰዓት ለኤደን ደወለች። ኤደን የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዋ ናት። ይህን ነገር የጀመሩት አብረው ነው፤ ከካፌ በረዶ እየለመኑ፣ በላስቲክ አስረው፣ በተሰበረ ላፕቶፕ ላይ። የመጀመሪያውን ቁጥር ያወጣችው ኤደን ነበረች፤ ድረ ገጹ ላይም የሁለት ሰው ቡድን ብለው ተመዝግበዋል። ኤደን ከተመረቁ በኋላ ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ወደ አረብ ሀገር ሄደች፤ አሁን ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ስልኩን ስታነሣ የካውያ እንፋሎት ይሰማ ነበር።

«ኤዱ፣ አንቺ ጻፊላቸው። አንቺን ያውቁሻል። እንደማላጭበረብር ንገሪያቸው።»

«እነማንን ነው?»

ነገረቻት።

«ፀዲዬ፣ የይለፍ ቃሉን እንኳ ረስቼዋለሁ።»

«እኔ አልረሳሁትም።»

«አሁንም እዚያ ነገር ላይ ነሽ?»

«የት ልሂድ?»

«እንዲያ ማለቴ አይደለም። ማለቴ፣ በደመወዝሽ ጫማ ግዢበት፣ ሰው ተዋወቂበት።» ካውያው ተነፈሰ። «ስንት አወጣሽ ለመሆኑ?»

ፀደይ ቁጥሩን ነገረቻት። የካውያው እንፋሎት ቆመ።

«በዚያ በአሮጌው?» አለች ኤደን፣ በድሮ ድምፅዋ።

«በዚያ በአሮጌው።»

«ስንት ቮልት...» ብላ ጀመረችና ከኋላዋ የሴት ድምፅ በአረብኛ ተጣራ። «መጣሁ፣ መጣሁ። ፀዲ፣ ልጆቹ ሊመጡ ነው። ማታ እጽፍልሻለሁ።»

አልጻፈችም። ፀደይ በኤደን የይለፍ ቃል ገብታ በእሷ ስም መመስከር ትችል ነበር። አሰበችውም። ሌባ አይደለሁም ለማለት መስረቅ ግን ቂልነት ነበር፤ ተወችው።

እንግዲህ መድገም ነው፤ የቀረው ናይትሮጅኑን ማግኘት ነበር። ዋግ ኽምራ ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያለው አንድ ሰው ነው፤ ከመሥሪያ ቤቷ አጥር ወዲያ ያለው የከብት አዳቃዩ ቅጣው። የተመረጡ ኮርማዎች ዘር በቀጫጭን ቱቦ ታሽጎ፣ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክሮ፣ በታንክ ይመጣለታል፤ እሱ በየቀበሌው እየዞረ ላሞችን ያዳቅላል። ከተማው «ኮርማው» እያለ ይጠራዋል፤ እሱም አቤት ይላል። ፀደይ አንድ ቀን ፕሪንተሩን ልትጠግን ሄዳ ታንኩን ሲከፍት ነጩ ጉም መሬት ለመሬት ሲፈስ አየች፤ ፕሪንተሩ ሳይጠገን ዋለ። ከዚያ ወዲህ መኪናው አዲስ ናይትሮጅን ሊያመጣ ሲል የአሮጌውን ትራፊ ይሰጣታል። የጥምቀቱ ቁጥር የወጣው በዚያ ትራፊ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፔርሙዟን ይዛ ሄደች። ክዳኑን አስቀድማ በስታዋለች፤ ናይትሮጅን የታሸገበትን ዕቃ ያፈነዳል። ቅጣው መጋዘኑ ውስጥ ከትንሿ ታንክ አጠገብ ተንበርክኮ ማሰሪያ ገመድ ይፈታል። በሩ ላይ ዕድሜያቸው የጠና አንዲት ሴት በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል።

«አደይ ለተሥላሴ ናቸው» አለ ቅጣው። «ከደሃና። ላማቸው ከኔ ጋር ቀጠሮ አላት።»

«ጥጃዋ አላድግ ስላለች ነው» አሉ አደይ ለተሥላሴ ለፀደይ፣ ስለ ሌላ ነገር የተጠየቁ ይመስል። «የሀገሩ ኮርማ አልሆናትም። መርፌውን ወጋልኝ፤ ሰኞ ኮርማ ትፈልጋለች አለኝ። እውነት እንደሚመጣ ልይ ብዬ ገበያውንም አስታክኬ መጣሁ።» በምርኩዛቸው ታንኩን አመለከቱ። «ኮርማው እዚህ ውስጥ ነው ይለኛል።»

«አንድ አይደለም እኮ» አለ ቅጣው። «ከሃያ በላይ ኮርማ ነው ያለው።»

«ከሃያ በላይ? አይዋጉም?»

«ብርዱ መች ያዋጋቸዋል።»

አደይ ለተሥላሴ ሳቁ፤ ጥርሳቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ፀደይ አልሳቀችም። ሴትዮዋ እንዲሄዱላት ነበር የምትፈልገው።

«ቅጣው፣ ናይትሮጅን ያስፈልገኛል። ዛሬ።»

«ትራፊው በጥምቀት አለቀ። መኪናው ከወር በኋላ ነው።» በጣቱ ታንኩን ነካ አደረገው። «ያለው ይህ ነው። ነገ ይዤው እወጣለሁ፤ አምደ ወርቅ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በአህያ። ላሞቹ ሁሉ ኮርማ እንዲፈልጉ መርፌ ተወግተዋል፤ ቀኑ ማለፍ የለበትም።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ያንቺ ትንሽ ባለፈው ታንክ ጨርሷል።» ቀና ብሎ አያት፤ ሳቁ ከፊቱ ቀነሰ። «ያ የፈረንጆቹ ነገር ነው?»

«እሑድ ያልቃል።»

ቅጣው አገጩን አሻሸ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ጥቁር የፕላስቲክ በትር አወረደና ሰጣት። «እሺ። በትሩን ክተቺና አውጥተሽ አወዛውዢው፤ ውርጭ የለበሰውን በጣት ለኪ። አምስት ጣት ሲቀር አቁሚ። ከላይ ያለው የኔ ነው፤ ላንቺ ሰጥቻለሁ።»

«ከአምስት በታች ቢሆንስ?»

«መንገድ ላይ ይተንና ዘሩ ይሞታል።»

«መሞቱ በምን ይታወቃል?»

«አይታወቅም። የሞተውም ያልሞተውም ሲታይ አንድ ነው። ላሟ ሳትይዝ ትቀራለች፤ እግዜር አልፈቀደም ይላሉ። እኔንም ይሰድቡኛል። ለምጄዋለሁ።» ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «አደይ፣ ይምጡ፣ መኪናው የት እንደሚቆም ላሳይዎት፤ ነገ አብረውኝ ይሂዱ።»

ወጡ። የሴትዮዋ ምርኩዝ ድንጋዩን እየመታ ራቀ።

ፀደይ የታንኩን ቡሽ ነቀለች። ጉሙ አንገቱ ላይ ሞልቶ ፈሰሰ። በትሩን ከተተች፣ ጠበቀች፣ አወጣች፣ አወዛወዘችው። ነጩ ውርጭ ከታች ወደ ላይ ወጣ። ጣቶቿን ደርድራ ለካችው። ሰባት።

ሁለት ጣት የሷ ነው ማለት ነው። ሁለት ጣት ጽዋውን እንኳ አያቀዘቅዘውም፤ የመጀመሪያው ናይትሮጅን መዳቡን ሲነካ ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው። ለሙሉ ፈተና፣ ያለማቋረጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክራ እንዲሳካላት፣ አራት ጣት ያስፈልጋታል። አራት ስትወስድ ሦስት ይቀራል። ሦስቱን ይዞ አምደ ወርቅ ይደርስ ይሆናል። ከአምደ ወርቅ ወዲያ፣ በአህያ ጀርባ፣ በፀሐይ፣ አይደርስም።

ስሌቱን ሁለቴ አላደረገችውም። ፔርሙዙን መሬት ላይ አቁማ፣ ታንኩን በሁለት እጇ ይዛ አዘነበለችው። የመጀመሪያው ፍሳሽ ከአፉ ደርሶ ሲንቀጫቀጭ ተሰማት፤ ጉሙ ጫማዋን ሸፈነው።

የዳኛው ሰዎች ቪዲዮውን ያያሉ። የመዳብ ጽዋ፣ ነጭ ጉም፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ቁጥር። ስሟ ይጸዳል። ደሃና የሚባል ሀገር መኖሩን አያውቁም። ደሃና ያሉት ደግሞ ያልያዘች ላም ያያሉ፤ ሰንጠረዥ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቁም። ቅጣው ይሰደባል፣ ይስቃል፣ ነገሩ ያልፋል። እዚያ ያሉት ስለዚህ አይሰሙም፣ እዚህ ያሉትም ስለዚያ አይሰሙም። ሁለቱንም የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ታንክ አዘንብላ መጋዘን ውስጥ ቆማለች።

ሳምንቱን ሙሉ የተናደደችው በዚህ ነበር። ያደረገችውን አይቶ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አጥታ። አሁን ግን አንዲት ሰው አለች፤ ራሷ። ያቺ ሰው አዲሱ ቁጥር በምን እንደሚወጣ ታውቃለች፤ ከአሁን በኋላ ሰንጠረዡን በከፈተች ቁጥር ደግሞ አብራት ታያለች።

ታንኩን ቀና አደረገችው። ቀና ሲል ክብደቱ ክንዷን ጎተተው። ቡሹን መለሰች። ደግ ሥራ የሠራች አልመሰላትም፤ የምትወደው ነገር አፏ ውስጥ ገብቶ የተፋችው መሰላት። ሁለቱን ጣትም አልቀዳችም፤ ለምንም የማይበቃ ነገር ምን ያደርግላታል።

ስልኳን አወጣች። መጋዘኑ በር አጠገብ ኔትወርክ አለ። ለዳኛው «አልደግመውም። ማድረግ አልችልም። ቁጥሩ እውነት ነው» ብላ ጻፈችና ላከችው። ወዲያው የሚነበብ አይመስላትም ነበር፤ ግን ተነበበ። ከዚያ ከስሟ አጠገብ ትንሽ ቀይ ምልክት ወጣች። እሑድ ድረስ እንኳ አልጠበቁም፤ እምቢ ያለን ሰው ምን ይጠብቁታል። ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ቅጣው ብቻውን ተመለሰ። ታንኩን ሊያስር ከመንበርከኩ በፊት በትሩን አንሥቶ ከተተ፣ አወጣ፣ ለካ። ደግሞ ለካ።

«ሰባት ነው እኮ። አልቀዳሽም እንዴ?»

«አልበቃኝም።»

«ታዲያ ለፈረንጆቹ ምን ልትያቸው ነው?»

«ብያቸዋለሁ።»

«ተቀበሉ?»

«አልተቀበሉም።»

ቅጣው ገመዱን በታንኩ እጀታ አሳልፎ ጠበቅ አደረገው። «ይተዉት» አለ። «እኔ አምንሻለሁ። ቁጥሩ ልክ ነው ካልሽ ልክ ነው።»

ፀደይ አየችው። ከልቡ ነበር። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም፤ ብትነግረውም ትልቅ ይሁን ትንሽ አይለየውም።

«ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችው።

«ምን ያደርግልኛል? አንቺ ካልሽ በቃኝ።»

«መንገዱ ይቅናህ» አለችው። ባዶውን ፔርሙዝ ከመሬት አነሣች፣ ወጣች፣ የቆርቆሮውን በር ከኋላዋ ዘጋችው።